የውስጥ ኪስ

ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ከፎቶ ኮፒው ግድግዳ ሥር፣
አንድ ሲንጀር፣ አንድ በርጩማ፣ አንድ ካርቶን ክር፤
ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፤
ከኢሚግሬሽን ወርዶ ለሚመጣ ሰው ግን
ኪስ እሰፋለሁ።

ከገበሩ ሥር፣ ከሥጋ በላይ፣
ለእጅ የሚገኝ፣ ለዓይን የማይታይ።

ዛሬ ዘይቱና መጣች፣ የቡታጅራዋ፤
ፓስፖርቷን ከተቀበለች ገና ግማሽ ሰዓቷ።
በየደቂቃው ትከፍተዋለች፣ ፎቶዋ ላይ ዓይኗን ተክላ፣
እንዳትስቂ ብለዋት፣ የተቆጣች መስላ።
«ጋሼ፣ ይቺ እኔ ነኝ?»
«ነሽ» አልኳት። «አገጭሽ ላይ ያለው ጠባሳ ይመሰክራል።»
ቅዳሜ ሌሊት በዘጠኝ ወደ ኩዌት ነው በረራዋ።

ቀሚሷን ገለበጥኩት።
እጄ ሲሰፋ አፌ አያርፍም፤
እውነት ለመናገር፣ ዝም ብዬ ኪስ ሰፍቼ አላውቅም።

«የፓስፖርትሽን ኮፒ ሦስት አድርጊው፤
አንዱ እዚህ ይገባል፣ አንዱን ለእናትሽ ስጪው፣
አንዱን ሻንጣሽ ውስጥ ከጫማሽ ሥር ደብቂው።
ውሉን ማንበብ ካቃተሽ የሚያነብልሽ ፈልጊ፣
"በኋላ ይስተካከላል" የሚል ሰው ፊት እንዳትፈርሚ።
ደመወዝሽ በቁጥርም በፊደልም ይጻፍ፣
የኤጀንሲው ማኅተም ላዩ ላይ ይረፍ።
የኤምባሲውን ስልክ ወረቀት ላይ አትመኚው፣ ወረቀት ይርሳል።
ደግሞ ኤርፖርት በር ላይ አንዲት ሴትዮ ትመጣለች፣
"በርበሬ ብቻ ነው፣ እህቴ እዚያ ትቀበልሻለች" ትላለች፤
ብታለቅስም፣ በማርያም በነቢ ብትልሽም፣ እጅሽ አይዘርጋ፤
ሌላ የቋጠረውን አንቺ ስትፈቺ እንዳትገኚ
በሰው አገር፣ ገና ሲነጋ።»

ትስቃለች። እዚህ ጋ ሁሉም ይስቃል።

መርፌውን አቆምኩ።
«የእናትሽ ስልክ ስንት ነው?»
እጇ ወደ ቦርሳዋ ሮጠ።
«ተዪው! ሞባይሉን ተዪው። በቃልሽ።»
«ዜሮ ዘጠኝ… አሥራ ስድስት… ከዚያ…»
ከዚያ ታክሲ መጣ፣ ረዳቱ «ለገሃር! ለገሃር!» አለ፤
ከዚያ ዝም።

«ቀና በይና ያንን ታፔላ እዪው» አልኳት።
ምንትዋብ ፎቶ ኮፒ። ቀለሙ ረግፏል፣
የስልኩ ቁጥር ብቻ ዛሬም ይነበባል።

እህቴ ስንዱ ቤይሩት ሳለች
ሞባይሏን ቀሙ፣ ደብተሯን ቀደዱ፣ በር ዘጉባት።
ስምንት ወር።
እኛ መርዶ ስንጠብቅ፣ እሷ ቁጥር ስትፈልግ
ጭንቅላቷ ውስጥ የተረፈ አንድ ብቻ ነበር፤
የእኔ አይደለም፣ የእናታችንም አይደለም፤
ልጅ ሆና ምሳዬን ስታመጣልኝ
እስክበላ ቁጭ ብላ ያየችው፣
የዚያ የታፔላ ቁጥር።
አንድ ማክሰኞ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ስልክ ጮኸ፤
«ልብስ ሰፊውን ጥሩልኝ» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ።

ባለ ሱቁ ታፔላውን ሊያስቀባ ባሰበ ቁጥር
መሰላሉን የምይዝ እኔ ነኝ።
ስሙን ቀይሩት፣ ቀለሙን ቀይሩት፤
ቁጥሩን ግን የነካ፣ መሰላሉን እለቀዋለሁ።

ፔዳሉን ረገጥኩ።
«ዜሮ ዘጠኝ» በመርፌው ምት፣
«አሥራ ስድስት» በመርፌው ምት፣
ስትሳሳት እንደገና፣ ከመጀመሪያው ስፌት።
አንዴ ከወንድሟ ቁጥር ጋር ቀላቀለችው፣
አንዴ ሳቀች፣ አንዴ ዓይኗ ሞላ፤
እኔም ኪሱን ደርቤ ሰፋሁት፣ ጊዜ እንድታገኝ ብዬ፤
ክሩማ ጠንካራ ነበር።

የኪሱን ብቻ አስከፈልኳት።

ቀሚሷን በፌስታል ይዛ ቁልቁል ወረደች፣
ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ በጣቷ ትቆጥራለች፤
አንድ ሽማግሌ ዱዓ ላይ ናት ብለው
ጥግ ይዘው መንገድ ለቀቁላት።